የጠቢባኑ ቤት ጨዋ

አያ መልካሙ ማረፉን የሰማሁት ጋሸና፣ በምሠራበት ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ናሆም ደወለና «ዘምዘም» ብሎ ዝም አለ። ናሆም አስጎብኚ ነው፤ አፉ አርፎ አያውቅም። እሱ ዝም ሲል ነገሩ ደህና እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። «አያ መልካሙ አረፈ፤ ዛሬ ቀበርነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አልሰማሁትም። ሽንኩርቱ ሰበብ ሆኖልኝ እንደልቤ አለቀስኩ።

አሠሪዬን ላሊበላ ለቅሶ ደርሼ ልምጣ ብላት «ምንሽ ነው?» አለችኝ። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ሰው የሚያስፈቅደው ለወንድሙ ወይም ለአክስቱ ነው። አያ መልካሙ ግን ምኔ ነው? ወንድሜ አይደለም፣ የአንድ አገር ልጆች አይደለንም፣ እሱ ክርስቲያን እኔ እስላም። አብረን ሠርተናል ልላት አስቤ አነሰብኝ። «የአንድ ቤት ሰዎች ነበርን» አልኳት። አልዋሸሁም። ቤቱ ግን የትም የሌለ፣ ሥራ ፈተን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የፈጠርነው ቤት ነው።

ያኔ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግዳ ተቀባይ የሚባለው መቼም እንግዳ ሲኖር ነው። መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎም ጦርነቱ መጣና ቱሪስት ከከተማው ድራሹ ጠፋ። ባለቤቱ ሆቴሉን ለመዝጋትም ለመክፈትም ልቡ አልቆርጥ ብሎት ሦስታችንን አስቀመጠን። እኔ ባዶ ክፍሎችን አናፍሳለሁ፤ አስካል ወጥ ቤት ውስጥ የሚበላበት የሌለውን ድስት ስትፈትግ ትውላለች፤ አያ መልካሙ በር ይጠብቃል። ማንም የማይመጣበትን በር እንደ እሱ አክብሮ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ታች መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ብድግ ይልና ኮፍያውን ያስተካክላል። መኪናው ያልፋል። እሱም «ይሁና» ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ለሁሉ ነገር ቃሉ «ይሁና» ነበር። መብራት ሲጠፋም ይሁና፣ መብራት ሲመጣም ይሁና። መጀመሪያ መጀመሪያ ያበሽቀኝ ነበር።

ረጅም ነው፤ ከትከሻው ጎበጥ ይላል። ድምፁ ሻካራ ስለሆነ ሲያወራ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ዕድሜው ከእኛ ስለሚበልጥ ሁላችንም አያ እንለዋለን። እሱ ደግሞ ሲከፋኝ፣ በወሎኛው አይዞሽ ለማለት «አብሽሪ» ይለኛል፣ ደስ ሲለኝም «አብሽሪ» ይለኛል።

ጨዋታውን ያመጣው ናሆም ነው። የሚያስጎበኘው ሰው ስላጣ ከእኛ ጋር ሊውል ይመጣ ነበር። በደጉ ጊዜ ይዟቸው የዞረ ፈረንጆች ሲጫወቱ አይቶ ነው የለመደው። ካርታም ሰሌዳም አያስፈልገውም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀረነው የየራሳችንን ሰው እንፈጥርና እሱን ሆነን እንናገራለን። ተራኪው «ከፊታችሁ የሞላ ወንዝ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ያሰብነውን እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ የሚሉት፣ በየፊቱ ቁጥር ያለበት መወርወሪያ ጠጠር ይወስናል። ዳይሱን ፈረንጆቹ ለናሆም ትተውለት ሄደዋል። ታሪኩ በአንድ ትልቅ ግንብ ውስጥ ስለሚኖር የምትሃተኞች ማኅበር ነው፤ እሳት የሚጠሩ አሉ፣ ዝናብ የሚያወርዱ አሉ።

ናሆም «ጠንቋዮች ናቸው» ብሎ ጀመረ። አያ መልካሙ ከበሩ ላይ ሆኖ ሰማውና መጣ። ጠንቋይ የሚባል ቃል በዚህ ከተማ እንዲህ ጮክ ተብሎ አይጠራም፣ ነገ ሁላችንንም ጠበል ይዘውን ይሄዳሉ አለ። ስለዚህ ጠቢባን አልናቸው። ከዚያ ወንበር ሳበና እሱም ተቀመጠ።

ግንቡ ውስጥ ግን ምትሃት የሌላቸው ሰዎችም ነበሩ። ከጠቢባን ተወልደው ጥበቡ ያልመጣላቸው ልጆች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ ውሃ ቀጂዎች። የማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥበቡ ግን የላቸውም። ናሆም ለእነዚህ የአማርኛ ስም ቸገረው። ተራ ሰዎች እንበላቸው አለ። አስካል ባዶዎች ብላ ሳቀች። አያ መልካሙ ጥቂት አሰበና «ጨዋ በሏቸው» አለ።

እኔ በጣም ደስ አለኝ። እኔ ከቆላው፣ ከመንገድ ዳር ከተማ የመጣሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ። በእኛ ሰፈር ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው፣ አፉ የታረመ፣ ደህና ሰው ነው። ምትሃቱን ባያገኙ ጠባይ አላቸው ማለቱ መሰለኝ። ላሊበላ ግን የካህናት ከተማ ናት። በቤተ ክህነት ሰው አፍ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ዜማ ያልዘለቀው፣ ደጅ የቀረ ሰው ነው። ናሆምና አስካል የዚያው ልጆች ስለሆኑ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ቃሉን ያመጣው ከቤቱ ነው። አባቱ የኔታ ክንፉ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚኖሩ የዜማ መምህር ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም መሪጌቶች ናቸው፤ አያ መልካሙ ደግሞ አንድ ልጃቸው ነው። ሲጎረምስ ድምፁ ተሰበረና በዚያው ቀረ። ጾመ ድጓውን ሳይጨርስ ከጉባኤው ወጣ። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ጭነት ሲያወርድ ኖረና መጨረሻ ላይ በር ጠባቂ ሆነ። የኔታ ከዚያን ጊዜ ወዲህ «አንተ ጨዋ» ነው የሚሉት። ሰው ስለ ልጃቸው ደህንነት ሲጠይቃቸውም «ጨዋው? አለ» ይላሉ።

አግብቶ ፈቷል፣ ልጅ የለውም። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ነበር። የአባቱ ዓይን እየደከመ ነው፤ ክረምት ገብቶ ያ ዳገት ጭቃ ሳይሆን ወርደው ከእሱ ጋር እንዲኖሩ ነው። እሑድ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ይወጣል፣ ይለምናቸዋል። የኔታ ስንቁን ይቀበላሉ፣ «ከጨዋ ቤት አልገባም» ብለው ይሸኙታል። ሰኞ ጠዋት ምን አሉህ ስለው «ይሁና» ይለኛል። እኔ ነኝ የምናደደው። ወላሂ እኔ ብሆን ያንን ስንቅ ይዤ እመለስ ነበር እለው ነበር። እሱ ግን «አብሽሪ፣ ይመጣሉ» ይላል።

በጨዋታው ውስጥ አስካል እሳት የምትተፋ ጠቢብ ሆነች፤ ያላቃጠለችው ነገር የለም። እኔ ዝናብ አወርዳለሁ። አያ መልካሙ ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ ጨዋ መሆን እፈልጋለሁ አለ። የግንቡን በር የሚከፍት ጨዋ፤ የዚህ ጨዋ አባት ደግሞ ከግንቡ ጫፍ ላይ የሚኖሩት ሊቀ ጠቢባን ናቸው፣ አይተውት አያውቁም። አስካል ከበር ወጥተህ በር ገባህ፣ በጨዋታ እንኳ እረፍት አትወድም ብላ ቀለደችበት። ዳይሱን ደግሞ አይወረውረውም። እንቁላል የያዘ ይመስል ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ናሆም ይኼ አይቆጠርም፣ ድገም ይለዋል፤ ይደግምና እንደገና ያስቀምጠዋል።

እኔ እንግዲህ የጨዋን ትርጉም በራሴ አገር ስለያዝኩት፣ የእሱ ሰው ወደ አዳራሹ በገባ ቁጥር የእኔ ጠቢብ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። «ጨዋ መጣ፣ ተነሱለት» እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ናሆም አፉን ከፍቶ አየኝ። አያ መልካሙ ኮፍያውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ከዚያ አስካልም መነሳት ጀመረች። ቀስ በቀስ የግንቡ ሥርዓት ሆነ። ጠቢባን በጨዋ ፊት አይጣሉም፤ ለእንግዳ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ጨዋ ነው፤ አስካል እንኳ አንድ ነገር ከማቃጠሏ በፊት ጨዋ ማስፈቀድ አለባት። በስህተት የጀመርኩት መሆኑን አላውቅም ነበር። እነሱ ግን እያወቁ ተከተሉኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ናሆም ትልቅ ነገር አዘጋጅቶ መጣ። የአያ መልካሙ ሰው በግንቡ ምድር ቤት ውስጥ አንድ በትር አገኘ፤ በትሩን የያዘ ጨዋ በዚያው ቅጽበት ጠቢብ ይሆናል። ናሆም ይህን ሲናገር ፊቱ በርቶ ነበር፤ ወዳጁን ሊያስደስት ሲዶልት እንደሰነበተ ያስታውቃል። እኔና አስካል ውሰደው፣ ውሰደው አልነው። አያ መልካሙ ቆይቶ ቆይቶ፣ በትሩን ይዤ ደረጃውን እወጣና ከሊቀ ጠቢባን ደጅ አስደግፌው እመለሳለሁ አለ። እሳቸው አርጅተዋል፣ መደገፊያ ያስፈልጋቸዋል አለ። ናሆም ትንሽ ግራ ከተጋባ በኋላ፣ ጥሩ፣ እንግዲህ በሩ ይከፈትና ሊቀ ጠቢባን ወጥተው ብሎ ሲቀጥል፣ አያ መልካሙ እጁን አነሳ።

«እሱን ተወው። እሱን አንተ አትስጠኝ» አለው።

ናሆም ዳይሱን ኪሱ ከተተ። ያን ቀን ጨዋታው በዚያ አበቃ። እኔ ያን ቀን ነው ይህን ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት።

ወሬ መቼም እግር አለው። ይህች ከተማ ማኅበር ስትሰማ የምታውቀው ወር ተራ ተይዞ፣ ዳቦ ተቆርሶ የሚጠጣውን የጻድቃን ማኅበር ነው። የጠቢባን ማኅበር የሚለው ከአስካል አፍ ወጥቶ ገበያ ደረሰ፤ ከገበያ ዳገቱን ሲወጣ የጠንቋይ ማኅበር ሆነ። መልካሙ የጠንቋይ ማኅበር ገብቷል፣ ወር ተራው ደርሶት ሊደግስ ነው ተብሎ ለየኔታ ተነገራቸው።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የኔታ ዱላቸውን ይዘው፣ በግራ እጃቸው አጥሩን እየዳበሱ በሆቴሉ በር ገቡ። ያን ዳገት ብቻቸውን ነው የወረዱት። አያ መልካሙ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ሊያመጣ ተልኮ አልነበረም። ናሆም ገና ከሩቅ ሲያያቸው ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ፈረንጅ ፊት ሲያወራ የማይደነግጥ ሰው የኔታ ፊት መቆም አቃተው። ስለዚህ ወንበር ሰጥቼ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ፊታቸው ቆጣ ብሏል፤ ዱላቸውን መሬት ላይ ያሽከረክሩ ነበር።

ልጄ እዚህ ከጠንቋይ ጋር ምን ይሠራል ብለው ጠየቁኝ። ጨዋታ መሆኑን፣ ተረት እንደማውራት መሆኑን እንደምንም አስረዳኋቸው። የሚሰሙኝ አልመሰለኝም። በመጨረሻ የሚያሳርፋቸው የመሰለኝን ተናገርኩ።

«የኔታ፣ እሱ እኮ ጠቢብ አይደለም። ጨዋ ነው።»

«ይህንንማ መች አጣሁት» አሉ።

የተስማማን መስሎኝ ቀጠልኩ። የቤቱ ክብር ጨዋዎቹ መሆናቸውን፣ ጨዋ ሲገባ ጠቢባን ብድግ እንደሚሉ፣ እንግዳ የሚቀበለው ጨዋ እንደሆነ፣ ከጨዋዎቹም አንደኛው የእሳቸው ልጅ መሆኑን ነገርኳቸው። የኔታ ዱላቸውን መሬት ላይ ማሽከርከር ተዉ። አንቺ የየት አገር ልጅ ነሽ አሉኝ። የቆላ ነኝ አልኳቸው።

«በእናንተ አገር ጨዋ ምን ማለት ነው?»

«ሲያዩት፣ ያሳደገህ ይባረክ የሚያሰኝ ሰው ነው» አልኳቸው። «እኔ አያ መልካሙን ሳይ፣ እርስዎን ሳላውቅዎ ስመርቅዎ ነው የኖርኩት።»

የኔታ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ውሃ ስጪኝ አሉ። ሰጠኋቸው፣ ጠጡ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ልጃቸውን ሳይጠብቁ ተነስተው እንደ አመጣጣቸው አጥሩን እየዳበሱ ሄዱ።

ናሆም ከወጥ ቤት ወጥቶ የቃሉን ትርጉም የነገረኝ ያኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ጮህኩበት። አያ መልካሙ ነው የከለከለን አለ። በመጀመሪያው ቀን፣ እኔ «ተነሱለት» ካልኩ በኋላ፣ «አትንገሯት፤ በእሷ አገር ጨዋ መሆን ደስ ብሎኛል» ብሏቸው ኖሯል።

አያ መልካሙ ነዳጁን ይዞ ሲመጣ የሆነውን ነገርነው። ጀሪካኑን እዚያው ጥሎ ወጣ። በማግስቱ እንደነገረኝ አባቱን ዳገቱ ላይ ደረሰባቸው፤ ሊይዛቸው ግን አልደፈረም፣ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። አንድ ቦታ ላይ የኔታ ቆሙ። እሱም ቆመ። ዞር ሳይሉ ጥቂት ቆይተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እስከ ደጃቸው ሸኝቷቸው ተመለሰ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን የኔታ መጻሕፍታቸውንና አጎዛቸውን በጎረቤት አህያ አስጭነው ከሆቴሉ በር ላይ ቆሙ። አያ መልካሙ በሩን ሲከፍት «ቤትህ በየት በኩል ነው?» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እሱም ኮፍያውን አስተካክሎ እየመራ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ይዞ ያደርሳቸዋል፤ ሥራ ሲገባ ፊቱ ሌላ ነው። ዘና ብሎ የማያውቅ ሰው ከአስካል ጋር እየተላፋ መቀለድ ጀመረ።

አንድ ነገር ግን እንደነበረ ቀረ። የኔታ አሁንም ጨዋ ነው የሚሉት። «ጨዋ፣ ውሃ አቀብለኝ።» «ጨዋ፣ ቅዳሴው ደረሰ?» አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ በጆሮዬ ሰማሁ። ስወጣ አያ መልካሙ ሊሸኘኝ ተከተለኝና የትኛውን ጨዋ ነው የሚሉህ፣ የእኔን ነው ወይስ የድሮውን አልኩት። አልጠየቅኋቸውም አለ። ለምን አትጠይቃቸውም ብዬ ጨቀጨቅሁት። እንዲህ ያለ ነገር በልቤ ይዤ መተኛት አልችልም፤ እኔ ብሆን በዚያው ቀን ነበር የምጠይቃቸው።

«የድሮውን ነው ቢሉኝስ?» አለኝ። «ደህና በዋልኩ ቀን ያንቺን ነው የሚሉኝ። በከፋኝ ቀን የድሮውን ነው። እንዲሁ ይሻለኛል።»

ኋላ ሆቴሉ ተዘጋ። እኔ ጋሸና ሥራ አገኘሁ፣ ጨዋታውም በዚያው ቀረ። ሊቀ ጠቢባን ከደጃቸው የተደገፈውን በትር ያግኙት አያግኙት ሳናውቅ ተበተንን። አያ መልካሙ አልፎ አልፎ እየደወለ አብሽሪ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ጨጓራ ነው እያለ ከረመ። ጨጓራ አልነበረም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ጉበቱ አልቋል ተባለ።

ለሠልስቱ ደረስኩ። ድንኳኑ ሰው ሞልቶበታል። አስካል አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የኔታ እንባ የሚባል ከዓይናቸው አልወጣም፣ ልባቸው እንዳይፈነዳ ፈርተናል አለችኝ። የኔታ ከካህናቱ መካከል ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አሁን ጨርሶ ጠፍቷል። ጎንበስ ብዬ አላህ ያጥናዎት ስላቸው ድምፄን ለዩት። ያቺ የቆላዋ ልጅ ነሽ አሉና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰው እየገባ እየወጣ ብዙ ተቀመጥን። የለቅሶው ድምፅ ጋብ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ውሃሽን ጠጥቼ ከሄድኩ ወዲህ፣ ጨዋ ስለው በእናንተ አገር ፍች ነበር የምጠራው። አንድ ቀን እንኳ በድሮው አልጠራሁትም። እወቀው ብዬ ግን አልነገርኩትም። ያውቅ ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ግን እኚህ ሽማግሌ ሌላ ማንንም የማይጠይቁትን ነገር አምነው ጠየቁኝ፤ እሱም ያን ቀን ደጃፍ ላይ አምኖ ነው የነገረኝ። ሁለቱንም መዋሸት አቃተኝ።

«ደህና በዋለ ቀን ያውቅ ነበር» አልኳቸው።

«ደህና የሚውለው መቼ ነበር?»

«እርስዎ ቤቱ ከገቡ ወዲህ፣ አብዛኛውን ቀን።»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። የኔታ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።  ለሰው ሁሉ ለቅሶ ዜማ ያወጡ የነበሩት ሰው ዜማ በሌለው ድምፅ አለቀሱ። ካህናቱ ምን ብላቸው ነው ብለው አዩኝ። እኔም የየኔታን እጅ ይዤ አብሬያቸው አለቀስኩ።